የሞዴል ባቡሩ ጠረጴዛ በእግሩ ቆመ

ዛሬ አዳማ ላይ የሞዴል ባቡሩ ጠረጴዛ እግር ተተከለለት። መጠኑ 1 ለ87 ነው፣ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፤ በከተማችን የሚያልፈው አዲሱ የባቡር መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1435 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው በዚህ ልክ ሲቀነስ ወደ 16.5 ሚሊሜትር ይመጣል። በእንዲህ ዓይነት ጠባብ ሐዲድ መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ መዛነፍ ፉርጎውን ከሐዲዱ ያወጣዋል።

ለ240 በ120 ሳንቲሜትር ጠረጴዛ ሁለት ረጃጅም ሞራሌና በየ40 ሳንቲሜትሩ ሰባት አጫጭር ያስፈልጋሉ። ሞራሌው በጠባብ ጎኑ ይቁም፤ ከተጋደመ መሐሉ ይረግባል። በስኳድራ ብቻ አትተማመኑ፦ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኩት፣ ሁለቱም 268.3 ካልመጡ ኮላው ሳይደርቅ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ብሎን ከማስገባታችሁ በፊት በትራፓኖ ብሱት፣ አለዚያ የሞራሌው ጫፍ ይሰነጠቃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው እግሩን ነው። ጠረጴዛውን የሚጎዳው ከላይ የሚጫነው ክብደት ሳይሆን የጎን መወዛወዝ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እግር በርዝመቱም በወርዱም በኩል ሰያፍ ድጋፍ ይኑረው፤ ድጋፉ ከእግሩ አጋማሽ ተነስቶ በ45 ዲግሪ ገደማ ፍሬሙን ይያዝ። በአንድ በኩል ብቻ ከደገፋችሁት፣ ሰው በክርኑ ነካ ሲያደርገው በሌላው በኩል ይንቀጠቀጣል። ወለላችሁ ወጣ ገባ ከሆነ ከእግሩ ሥር የሚሽከረከር ብሎን ከነዳዶው ግጠሙና በውሃ ልክ አስተካክሉ።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ፈጽሞ አትግዙ! የአዳማ ሙቀት ያጣምመዋል። ደረቁም ቢሆን ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ተነጥፎ ይቆይ።

ለሽቦ ማሳለፊያ አጫጭሮቹን ሞራሌዎች መሐላቸው ላይ 20 ሚሊሜትር ብሱ፣ ከላይ የሚለብሰው 12 ሚሊሜትር ፕላይውድ ከመመታቱ በፊት። ግድግዳ አታስጠጉት፤ ከአንድ ወገን እጅ ከ75 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም።