የድሮ ጀብዱ ፊልሞችን ለልጆች የማሳየው እንዲህ ነው

የድሮ የቤተሰብ ጀብዱ ፊልሞችን እወዳለሁ። ዋሻው፣ ካርታው፣ የሚበጠሰው ድልድይ ዛሬም ልቤን ይሰቅለዋል። የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው፤ አክተሩ ሁሌም ፈረንጅ ነው። እኛን የሚመስለው ሰው ወይ ዕቃ ይሸከማል፣ ወይ ቀድሞ ይሞታል።

እንዲያም ሆኖ እዚህ ደሴ ለእህቴ ልጆችና ለጎረቤት ልጆች አሳያቸዋለሁ። ብደብቃቸውስ? ነገ በስልክ ብቻቸውን ያዩታል።

አሠራሬ ቀላል ነው። ፊልሙ ሳይጀመር ሦስት ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ። ስም ያለው ማን ነው? የሚናገረው ማን ነው? በየት እንሂድ የሚለውስ? ከዚያ ዝም እላለሁ። መሃል ላይ እያቆሙ ማስረዳት ፊልሙን ይገድላል፣ ልጆቹንም ያስኮርፋል። ወሬው የሚደምቀው ፊልሙ አልቆ ቡና ሲፈላ ነው።

እንደ መጀመሪያው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ያነጋገረን የለም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ታሪኩም ታቦተ ጽዮንን ፍለጋ ነው። አሜሪካዊው ኢንዲያናና ናዚዎቹ ግብፅ በረሃ ላይ ሲሻሙ አንዱ ልጅ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ታቦተ ጽዮን አክሱም አይደለችም እንዴ?» የዚያን ቀን ስለ አክሱም ጽዮን ያወራነው ከፊልሙ ይበልጥ ረዘመ። የግብፃዊውን የሳላህን ሚና የሚጫወተው የዌልስ ሰው መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ «ግብፃዊ አጥተው ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ፊልም ይብሳል። የሕንድ ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ የጦጣ አንጎል ይቀርባል። የሕንድ መንግሥት የፊልሙን ጽሑፍ ስላልወደደው አብዛኛው የውጪ ቀረጻ ስሪላንካ ተሠራ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቆይቶ አንዷ «እኛን ጥሬ ሥጋ ስንበላ ቢቀርጹን እንዲህ ያስመስሉናል?» ስትል ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን እኔ ብናገረው ስብከት ይሆን ነበር። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ሁሉም ሰማው።

በዚሁ ፊልም ግን የሚወዱት ልጅ አለ፤ መኪና የሚነዳው፣ ኢንዲያናን የሚያድነው ትንሹ ልጅ። ተዋናዩ ኪ ሁይ ኳን ቬትናም ተወልዶ በስደት አሜሪካ የገባ ነው። ካደገ በኋላ የሚሆነው ሚና አጥቶ ለብዙ ዓመታት ከትወና ራቀ። ተመልሶ በ2023 እ.ኤ.አ. ኦስካር ወሰደ። ይህን ስነግራቸው አጨበጨቡ። ለዚህ ነው አሁን ከእያንዳንዱ ፊልም በኋላ የተዋንያኑን ሕይወት የምነግራቸው። ፊልሙ ያልሰጣቸውን ክብር አንዳንዴ እዚያ ያገኙታል።

ሴቶቹ ልጆች የሚያዩትን ወንዶቹ አያዩም፤ ስለዚህ ቅድሚያ እንዲናገሩ እነሱን እጠይቃለሁ። በዚያው ሁለተኛ ፊልም ከኢንዲያና ጋር የምትጓዘው ዘፋኝ ጩኸት አላስቻላቸውም። «ሥራዋ መጮህ ብቻ ነው እንዴ?»

ሰሞኑን የራሳቸውን ጀብዱ እየጻፉ ነው። ሐይቅ ላይ፣ በታንኳ፣ ሁለት ሴት ልጆች የጠፋ መጽሐፍ ይፈልጋሉ። ሻንጣ የሚሸከም አንድ ፈረንጅም አስገብተዋል። ሦስቱን ጥያቄዎች መልሼ ጠየቅኳቸው። ስም የለውም፣ አይናገርም። ግማሾቹ «ይበለው!» አሉ። ግማሾቹ ስም ይሰጠው ብለው ተከራከሩ። እስካሁን አልተስማሙም፤ መቅዘፍ ይችል እንደሆነ ግን ጠይቀውኛል።