ከማርቆስ እስከ ዘጌ፣ ብቻዬን

ጎጃምን ብዙ ሰው የሚያውቀው በአውቶብስ መስኮት ነው። በሌሊት ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ አባይ በረሃን ወርዶ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ ማርቆስ ቁርስ ቢጤ ቀምሶ፣ ከዛ እንቅልፉን ለጥጦ ባህር ዳር ሲደርስ ይነቃል። መሀል ላይ ያለው ሀገር ሁሉ እንደዛው ያልፋል።

እኔ በ2011 ጥቅምት ላይ ያንን መሀሉን ላየው ብዬ አሮጌ ኮሮላዬን አስነስቼ ብቻዬን ሄድኩ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ነድታ የፈለገችበት ቆማ የፈለገችበት አድራ ትሄድ ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈውም ለዚሁ ነው፣ ጎጃም ሲባል ሰው ጆሮ ላይ የሚመጣው የጦርነት ዜና ብቻ መሆኑ ስለሚያመኝ።

ከደብረ ማርቆስ ባህር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ የቸኮለ ሰው በግማሽ ቀን ይገባል። እኔ ግን ድልድይ ባየሁ ቁጥር ቆሜ ውሃውን አያለሁ ብዬ ነው የወጣሁት፣ እና የጎጃም መንገድ ደግሞ ድልድይ አያልቅበትም። ተምጫ፣ ብር፣ ላህ፣ ከዛ ጥሊሊ ላይ ፈጠም። ከጮቄና ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚገባው አባይ ነው፣ ጮቄ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ደመናውን እዛው ይዞ ያስቀረዋል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሁሉም ወንዝ ሙሉ ነው፣ ውሃው ግን ደለሉን ጥሎ መጥራት ጀምሯል። እንደኔ ከሆነ ጎጃም ለመሄድ ከጥቅምት የተሻለ ወር የለም።

ደምበጫን እንዳለፍኩ ግራና ቀኙ ኑግ ነበር። በመኪና ሲያልፉት ቢጫ ቀለም ብቻ ነው የሚመስለው፣ ወርዶ ማሳው ጥግ ሲቆሙ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው፣ ማሳው በሙሉ በንብ ይጮሃል። አንዷን አበባ ጠጋ ብዬ ሳያት ሁለት ንብ አንድ ላይ ገብተውባታል፣ እግራቸው ላይ የያዙት ብናኝ ከአበባው ይበልጥ ቢጫ ነው። እዛው ቆሜ እያለሁ አንድ አባት በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡና

«አንች ልጅ፣ መኪናሽ ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ ንቡን እያየሁ ነው።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰብ አደረጉና «እንግዲያ እይ፣ ይሄ ነው ህዳር ላይ ማር የሚሆነው» ብለው ቀፎዎቻቸው የተሰቀሉበትን ዛፍ በዱላቸው አሳዩኝ። በነገራችን ላይ ይሄ «ተበላሸ እንዴ» የሚለው ጥያቄ እስከ ዘጌ ድረስ አልተለየኝም፣ የትም ልቁም አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው ሊረዳኝ ይመጣል። ብቻሽን አትፈሪም ወይ ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ይሄው ነው።

ከጥሊሊ አስፋልቱን ትቼ ወደ ሰከላ በጠጠሩ መንገድ ታጠፍኩ፣ ግሽ አባይን ለማየት። ቀኑ አርብ ነበር፣ ጾም ስለሆነ እህል አልቀመስኩም፣ ደግሞም ወደ ምንጩ የሚቀርብ ሰው በልቶ አይሄድም። መንገዱ ቀስ ያስኬዳል ግን ማን ቸኮለ፣ ድንችና ገብስ፣ ባህር ዛፍ፣ ሜዳው ላይ የተለቀቁ ፈረሶች፣ ብርዱ ደግሞ በመስኮት ይገባል።

ምንጩ ጋ ስደርስ ያየሁትን በትክክል መናገር ይከብደኛል። ያ ጥቁር ገደል ሰንጥቆ ሱዳንና ግብፅ የሚደርሰው አባይ፣ መነሻው ሳር ውስጥ ያለች ትንሽ ውሃ ናት። ከጎኗ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ቤተክርስቲያን አለ። ጻድቁ የንጉሡ ወታደሮች ሊይዟቸው ሲመጡ ሰባቱን መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ሄዱ፣ ከእስር ሲመለሱ ውሃው አንዷንም ገጽ ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 (ሁለቱም በፈረንጆቹ ነው) እዚህ መድረሳቸው በየመጽሐፉ ተጽፏል፣ እኔን ግን የገረመኝ ጄሪካን ይዘው የተሰለፉት ሰዎች ናቸው። ጠበሉን ይዘው በእግራቸው የሚመለሱ፣ ታማሚ የተሸከሙ፣ ሕፃን ያዘሉ። አንዲት እናት ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጅ ፊቱን እያጠበች «ይማርልሽ በይኝ» አለችኝ፣ አልኳት፣ ሁለታችንም አለቀስን። አላውቃትም፣ አታውቀኝም።

ወደ አስፋልቱ ስመለስ መሽቶ ነበር፣ እንጅባራ አደርኩ፣ የአካባቢው ሰው ኮሶበር ነው የሚላት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው እውነት መሆኑን እዛ አልጋ ላይ አረጋገጥኩ፣ በሁለት ብርድ ልብስ።

ጠዋት ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሼ ዘንገና ሐይቅን አየሁ። ክብ ነው፣ በጫካ የታጠረ፣ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ላይ የተኛ ውሃ። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው ይባላል፣ ጣና ግን ያ ሁሉ ስፋት ኖሮት ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ዘንገናን ሳይ ውስጤ ይፈራል፣ ዝም ያለ ውሃ ነው። ከዛ የአዊ ሀገር ይቀጥላል፣ ፈረስና ጋሪ፣ መንገድ ዳር የተደረደረ የቀርከሃ ወንበር፣ እና ገበሬው ለከሰል ብሎ የሚተክለው ዲከረንስ ዛፍ ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖት። ዳንግላን ቡና ብቻ ጠጥቼባት አለፍኩ።

ወተት አባይ ላይ ግን ቆምኩ። ትላንት ሰከላ ላይ ያየኋት ያቺ ትንሽ ውሃ፣ እዚህ ግልገል አባይ ተብላ ከድልድዩ ስር ወንዝ ሆና፣ ወፍራም ሆና፣ ድምፅ አውጥታ ታልፋለች። አንድ ቀን ብቻ ነው የቀደመችኝ። ይሄን ጉዞ በአንድ ነገር ብቻ አስታውሰው ብባል ያንን ድልድይ ነው የማስታውሰው፣ ምክንያቱም ምንጩን ያላየ ሰው እዛ ድልድይ ላይ የሚያየው ማንኛውንም ወንዝ ነው። መራዊን አልፎ የቆጋ መስኖ ሜዳ አለ፣ 7,000 ሄክታር አካባቢ የሚያለማ፣ ከዛ ባህር ዳር።

ባህር ዳርን ሁሉም ያውቃታል፣ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጥብስ በልቼ፣ ዘንባባው ስር ትንሽ ተጉዤ ተኛሁ።

ዘጌ ብዙ ሰው በጀልባ ነው የሚሄደው፣ እኔ በመኪና ዞሬ በአፋፍ በኩል ገባሁ፣ እና አሁንም ሰው ቢጠይቀኝ በየብስ ሂዱ ነው የምለው። በጀልባ ከሄድክ ወደብ ላይ ወርደህ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተህ ትመለሳለህ። ሥዕሎቹ እውነትም የሚያስደንቁ ናቸው፣ መቅደሱ ዙሪያውን በቀለም ተሸፍኗል፣ ግን ጫካው ነው ዘጌ። ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፣ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የቆየ ግዝት ነው ይላሉ፣ ስለዚህ ሰው የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። በዚህ ምክንያት ሌላው የጣና ዳርቻ ሲራቆት ዘጌ ጫካ ሆና ቀረች። ቡናው መቅላት ጀምሮ ነበር፣ ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጡታል፣ በቅጠሉ መሀል ደግሞ ሐይቁ ብልጭ ይላል።

ውሃው ዳር አንድ ሰው ታንኳ ይሰራል። ደረቅ ደንገል፣ የሐይቁን ዳር ሳር፣ እየመረጠ፣ አንዱን እግሩን እስሩ ላይ አድርጎ በሙሉ ክብደቱ እየሳበ ያስራል፣ ጫፉ ሹል ሆኖ ወደ ላይ እንዲነሳ ደግሞ ቀስ እያደረገ ያጥፈዋል። ስንት ጊዜ ይቆያል አልኩት።

«ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች። አቁመን እናደርቃታለን፣ እንደገና ትሄዳለች። ኋላ ላይ ሌላ መስራት ነው።»

ከጎኑ ሁለት ሌሎች ታንኳዎች ዛፍ ተደግፈው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ሐይቁ ላይ ደግሞ እንጨት የጫነች አንዲት ታንኳ ወደ ባህር ዳር ገበያ ትቀዝፋለች፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውሃ ላይ፣ በሳር። እንቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ያን ጊዜ ወደ ፎገራና ደምቢያ በኩል ነበር የበረታው፣ ሰውየው ግን «ወደኛም ይመጣል» ብሎ ሲሰጋ ነው የተለየሁት። ስለ ጣና የሚጨነቅ ሰው ካለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እንደሱ ያሉትን ነው ብዬ አምናለሁ።

መመለሻዬን በአዴት፣ በሞጣ፣ በቢቸና አድርጌ ደጀን ላይ ወጣሁ፣ የምሥራቁ ጎጃም መንገድ ማለት ነው። ሰባራ ድልድይን፣ መርጡለ ማርያምን፣ ደብረ ወርቅን የሚያካልል ስለሆነ እሱን ለብቻው እጽፈዋለሁ፣ ፎቶዎቹን ካገኘሁ።