ዋቢ ጽሑፎቹን አስቀድሞ ማንበብ

የመመረቂያ ጽሑፎች በሚገቡበት በዚህ ወቅት፣ የማማክራቸው ተማሪዎች ሥራ ሲደርሰኝ ምዕራፍ አንድን ከማንበቤ በፊት ዋቢ ጽሑፎቹን አወጣና ሊንኮቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ እመለከታለሁ። ከእነዚህ መካከል ጨርሶ የማይከፈቱ አሉ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መነሻ ገጽ ላይ አድርሰው የሚተዉም አሉ፤ የተጠቀሰውን ሪፖርት ከዚያ ፈልጎ ማግኘት የአንባቢው ዕዳ ይሆናል።

ችግሩን የተማሪ ስንፍና ብቻ አድርጎ መቁጠር ግን ተገቢ አይመስለኝም። የሃርቫርድ የሕግ ምሁራን በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት ሊንኮች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ የተጠቀሱበትን መረጃ እንደማያሳዩ አረጋግጠዋል። ስለዚህ የመጽሔት ጽሑፍ ሲጠቀስ ዲኦአይ (ለጽሑፉ የሚሰጥ ቋሚ መለያ ቁጥር) ካለው እሱኑ መጻፍ ይሻላል፤ መጽሔቱ ድረ ገጹን ቢቀይር እንኳ አሳታሚው አዲሱን አድራሻ ስለሚያስመዘግብ ቁጥሩ ሳይለወጥ ወደ ጽሑፉ ያደርሳል። ኤፒኤ የተባለው የዋቢ አጻጻፍ መመሪያ ሰባተኛ እትም መረጃው የተገኘበትን ቀን የሚጠይቀው ይዘታቸው ለሚለዋወጥ ገጾች ብቻ ነው። እኔ ግን ለመንግሥት ድረ ገጾች ሁሉ ቀኑ እንዲጻፍ፣ ገጹም የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያቆየው በኢንተርኔት አርካይቭ እንዲቀመጥ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ መሥሪያ ቤት ስሙ ሲቀየር ወይም ከሌላው ጋር ሲዋሐድ የቆየው ሰነድ አብሮ እንደሚጠፋ ደጋግሜ አይቻለሁና።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ የስማችን ጉዳይ ነው። እንደ ዞቴሮ ያሉ ዋቢ ጽሑፎችን የሚያደራጁ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በአባቱ ስም ይመዘገባል፤ የራሱ ስም ደግሞ አንዲት ፊደልና ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዓመታት የለፋበት ሥራ በጽሑፉ ውስጥ ሲጠቀስ የሚነበበው ምናልባት ፊደል ያልቆጠሩት የአባቱ ስም ነው። የአባቶቻቸው ስምና የራሳቸው የመጀመሪያ ፊደል የገጠመላቸው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ደግሞ በዝርዝሩ ላይ እንደ አንድ ሰው ይታያሉ። ዞቴሮ ስምን በአንድ ሳጥን ሙሉውን ለመጻፍ የሚያስችል ምርጫ አለው፤ ተማሪዎቼ በእሱ እንዲጠቀሙና የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡ እንዲያስቀምጡ ነግሬአቸዋለሁ። የውጭ አገር መጽሔት አዘጋጅ ቢቃወማቸው እንኳ ምክንያታቸውን በጨዋነት ሊያስረዱት ይገባል እላለሁ።

የዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ አለው። ዛሬ በያዝኩት ጽሑፍ ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በአንድ ገጽ ላይ ቁጥር 1156/2011፣ በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ 1156/2019 ተብሎ፣ በዋቢ ዝርዝሩም እንደ ሁለት የተለያዩ ሕጎች ተመዝግቦ አገኘሁት። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛው ዓምድ በእኛ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚያትም፣ ፒዲኤፉን ከኢንተርኔት አውርዶ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ዓምድ የሚያነብ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ተማሪው የትኛውን ዓምድ እንደተከተለ እንዲገልጽ፣ ሁለቱን መዝገቦች አንድ እንዲያደርግና ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. እንዲጽፍ በኅዳጉ ላይ አስፍሬ መልሼለታለሁ።