የቀጠነው እትብት

አልትራሳውንድ ክፍል ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ጤናማ እርግዝና ያላቸውን እናቶች ስናይ ከጽንሱ ጭንቅላት፣ ከሆድ ዙሪያውና ከጭን አጥንቱ ጋር የእትብቱንም ስፋት እንለካ ነበር። ይህን ሥራ በጣም ወደድኩት። እትብት በአግድም ሲታይ ስክሪኑ ላይ ያምራል፤ አንድ ትልቅ ክብ፣ ከጎኑ ሁለት ትናንሽ ክቦች። ትልቁ ለልጁ ንጹህ ደም የሚያደርሰው ደም መልስ ነው። ትናንሾቹ ደግሞ ከልጁ ወደ እንግዴ ልጅ የሚመልሱት ደም ቅዳዎች ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ዝልግልግ ነገር ዋርተንስ ጄሊ ይባላል፤ ሦስቱ እንዳይጨፈለቁ የሚጠብቃቸው እሱ ነው።

አንዲት እናት በ33ኛው ሳምንት መጥታ ለካሁላት፤ 185 ካሬ ሚሊሜትር። በ37ኛው ተመለሰች፤ 168። ደገምኩት፤ 170። ልጅ እያደገ እትብት ይቀጥናል እንዴ? ቀጭን እትብት ከልጅ ማነስ ጋር እንደሚያያዝ አንብቤ ነበር፤ ደነገጥኩ። ምንም አልተናገርኩም፤ ፊቴ ግን አሳበቀብኝ። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ፣ «እህቴ፣ ልጄ ምን ሆነብኝ?» አለችኝ።

ሲኒየሯን ዶክተር ጠራኋት። እትብቱን ከማየቷ በፊት የሆድ ዙሪያውን፣ የጭን አጥንቱን፣ የሽርት ውሃውን አየች። ሁሉም ለሳምንቱ ልክ ነበር። «ልጅሽ ደህና እያደገ ነው፣ አይዞሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እስኪ ያለፈውን ምስል አውጪልኝ» አለች።

አወጣሁት። ክብ አልነበረም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ነበር። እትብት የተጠማዘዘ ስለሆነ ሆድ ላይ የምናንሸራትተው መሣሪያ፣ ፕሮቡ፣ ትንሽ ካዘነበለ ምስሉ በሰያፍ ይቆርጠዋል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ደግሞ ከልኩ ሰፍቶ ይታያል። ይባስ ብሎ፣ ያኔ የለካሁት ውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፈው ክፍል ነው፤ የዛሬውን ግን ከልጁ ሆድ መግቢያ አጠገብ። ሁለቱ መቼም አይወዳደሩም።

ዶክተሯ ሌላም ነገር አስረዳችኝ። እትብት እስከ 32ኛው፣ 34ኛው ሳምንት ገደማ ይወፍራል። ከዚያ በኋላ ጄሊው ውሃው ስለሚቀንስ መወፈሩ ይቆማል፤ ትንሽ ቢቀጥንም ያለ ነው። ስለዚህ ልኩ የሚነጻጸረው ከዚያው ሳምንት ሠንጠረዥ ጋር ነው።

ለምርመራው የተቀባውን ጄል ከሆዷ ላይ እየጠረግኩ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ግን ቀና ብላ ወደ ስክሪኑ አየች። «ለልጄ ደም የሚያደርሰው የቱ ነው?» አለች። ትልቁን ክብ በጣቴ አሳየኋት።