የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን በየወገናቸው ያጠናሁበት መንገድ

በኮሌጅ ሳለሁ ስለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች የያዝሁት ማስታወሻ በሠንጠረዥ የተሞላ ነበር፤ በግራ የመድኃኒቱ ስም፣ በመካከል የሚያክመው በሽታ፣ በቀኝ ደግሞ አሥርና አሥራ ሁለት የጎንዮሽ ጉዳቶች። ፈተናውን በዚያ አለፍሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል በነርስነት ስቀጠር ግን ሠንጠረዡ አልጋ አጠገብ አልረዳኝም፤ የሁሉም መድኃኒት ዝርዝር «ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ሽፍታ» ብሎ ስለሚጀምር አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር ተሸፍኖብኝ ነበር።

ይህ የገባኝ ቫንኮማይሲን በሚባል፣ በደም ሥር በሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ምክንያት ነው። ተረኛ በነበርሁበት ሌሊት ለአንድ ጎልማሳ ታካሚ የታዘዘውን 1 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር ሳላይን በጥብጬ ሰቀልሁና እንደ ማንኛውም ድሪፕ ጠብታውን በዓይን ግምት ለቀቅሁት። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየ ፊቱና አንገቱ ቀልቶ፣ ደረቱን እያከከ፣ «ሲስተር፣ ሰውነቴን እሳት ለቀቁበት» አለኝ። ወዲያው ዘጋሁት። የደም ግፊቱና አተነፋፈሱ ደህና ነበር፤ ሐኪሙም መጥቶ አየው። እኔ በካርዱ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለቫንኮማይሲን አለርጂ አለበት» ብዬ ጻፍሁ፤ ታካሚውን የጠበቅሁት መስሎኝ ነበር። ጠዋት ራውንድ ላይ ፋርማሲስቱ «በስንት ደቂቃ ነው የሰጠሽው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ቫንኮማይሲን በጥድፊያ ሲገባ መቅላትና ማሳከክ የሚያመጣውን ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ከሕዋሳት በቀጥታ ያስወጣል፤ መቅላቱና ማሳከኩ ከዚያ የሚመጣ የፍጥነት ጣጣ ነው እንጂ በአብዛኛው እውነተኛ አለርጂ አይደለም፤ ምልክቱ ሲበርድ በዝግታ መቀጠል ይቻላል። ልኩ በደቂቃ ከ10 ሚሊ ግራም አለመብለጥ ስለሆነ 1 ግራም 100 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ፓምፕ በሌለበት ክፍል፣ አንዱን ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚያደርግ መስመር፣ ይህ በደቂቃ 50 ጠብታ ማለት ነው። ሐኪሙ ማስተካከያውን በውስጠኛው ገጽ ላይ ጻፈ፤ የእኔ ቀይ ጽሑፍ ግን ሽፋኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡን ትቼ ለእያንዳንዱ የመድኃኒት ወገን አንድ ገጽ መደብሁ። የምጽፈው መድኃኒቱ ተሕዋሲውን የት ላይ እንደሚመታ፣ የሰውን አካል የት ላይ እንደሚነካ፣ ከዚያም ታካሚውን በምን ቃል እንደምጠይቅ ነው። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ነው።

ፔኒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜሮፔነም የባክቴሪያውን ግድግዳ ሥራ የሚያውኩ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው በአብዛኛው ገር ናቸው፤ ዋናው ስጋት አለርጂ ነው። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚለኝን ሰው ቀድሞ ዝም ብዬ እመዘግበው ነበር። አሁን «ምን ሆኑ? ከወሰዱ ከስንት ጊዜ በኋላ? ከንፈርዎ አበጠ? ትንፋሽ አጠረዎ?» እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ የሆድ መረበሽ ወይም ለልብ በሽታ በየወሩ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ሕመም ነው። ሴፍትሪያክሶንን በተመለከተ፣ በደም ሥር ካልሲየም ለሚሰጠው ጨቅላ ፈጽሞ እንደማይሰጥ በገጹ አናት ላይ ጽፌያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት በጥንቃቄ ክትትል ከሚሹት ተርታ ቢመድበውም፣ ለትኩሳት ሁሉ እሱን መስቀል ልማድ ሆኖብናል ብዬ አምናለሁ።

አሚኖግላይኮሳይድ የሚባሉት፣ እነ ጄንታማይሲን ያሉበት ወገን ገጽ ከሁሉም ረዝሟል። ጄንታማይሲን ኩላሊትንና ጆሮን እንደሚጎዳ አውቅ ነበር፤ ፓሮሞማይሲን ወንድሙ መሆኑን ግን ልብ አላልሁም። በእኛ አካባቢ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወርደው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ይዟቸው የሚመለሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ በስፋት የሚሰጣቸውም ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን በጥምረት ለ17 ቀን ነው። ከእነዚህ ወጣቶች አንዱን ከኋላው ቆሜ ስጠራው አይመልስልኝም፤ ፊት ለፊቱ ስቆም ይመልሳል። ያኮረፈ መስሎኝ ሁለት ቀን አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ስጠይቀው «ጆሮዬ ውስጥ እንደ ፌንጣ ጭርር ይላል፤ ከበሽታው ነው ብዬ ነው» አለኝ። ለሐኪሙ ነገርሁት፤ ፓሮሞማይሲኑ ቆመ፤ ጭርታው ጋብ ቢልም ፈጽሞ ጠፋ ሲል አልሰማሁም። በዚህ ወገን የኩላሊት ጉዳት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ የጆሮው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን ክሬቲኒን ላቦራቶሪ ሲነግረን ጆሮን መጠየቅ የእኔ ፋንታ ነው። በየቀኑ ከጀርባ በዝቅተኛ ድምፅ እጠራለሁ፤ ሲነሡ እንደሚያዞራቸውም እጠይቃለሁ። ስቲቦግሉኮኔት ደግሞ ልብንና ቆሽትን ስለሚነካ ኤሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሣል፤ ትውከትና የላይኛው ሆድ ሕመምም ቸል አይባልም።

ሜትሮኒዳዞል ያስተማረኝ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ለአሜባና ያለ ኦክስጅን ለሚያድጉ ባክቴሪያዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል፤ ከአልኮል ጋር ደግሞ ፊት መቅላትና ማስመለስ ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ይከለከላል። አንዲትን እናት «እማማ፣ መጠጥ ይጠጣሉ?» ብዬ ጠይቄ «ኧረ በማርያም፣ እኔ መጠጥ አልነካም!» ብለውኛል። በሁለተኛው ቀን አስመልሷቸው ሲመለሱ ነገሩ ተገለጠ፤ «ለማኅበሩ ጠላ ቀመስሁ እንጂ ሌላ ምን ጠጣሁ?» አሉኝ። የክልከላው ማስረጃ በቅርብ ዓመታት ቢጠየቅም እኔ እከተለዋለሁ፤ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ ብዬም በስም በስሙ እጠይቃለሁ። ጾምም እንዲሁ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ሰው በየስምንት ሰዓቱ የሚዋጥ አሞክሲሲሊን ሲታዘዝለት «እሺ» ብሎ ይሄድና የቀኑን ይዘለዋል። አስቀድሜ ከጠየቅሁ ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሰጥ አማራጭ መኖር አለመኖሩን ያያል።

የቲቢ መድኃኒት የሆነው የሪፋምፒሲን ገጽ አጭር ነው፤ ሽንት ብርቱካናማ እንደሚሆን ካልተነገረው ደም መስሎት መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው አለ፤ የወሊድ መከላከያ እንክብልንም ያዳክማል። ዶክሲሳይክሊን በብዙ ውሃ ይዋጣል፤ ወዲያው ጋደም ማለት የምግብ ቧንቧን ሊያቆስል ይችላል።

ያ የቫንኮማይሲን ታካሚ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲተኛ አዲሱ ሐኪም ቀዩን ጽሑፍ አይቶ ሌላ መድኃኒት ሲፈልግ ደረስሁ። ያንን ሌሊት እንደነበረ ነገርሁት፤ የውስጡን ገጽ አሳየሁት። ጽሑፉን በአንድ መስመር ሰርዤ ከሥሩ «በፍጥነት በመሰጠቱ የመጣ፤ በ100 ደቂቃ ይሰጥ» ብዬ ጻፍሁ፤ ሐኪሙም ፈረመበት። ጠብታውን ሰዓቴን ይዤ ስቆጥር ታካሚው «ዛሬስ ቀስ አልሽ» አለኝ።