ቁጥር የተጻፈባትን ቻሌንጀር ገዝቼ የተማርኩት

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተነሥቼ ወደ ፔንሲልቫኒያ የነዳሁት አንዲት ብርቱካናማ መኪና ለማየት ነበር። መኪናዋ የ2008 ዶጅ ቻሌንጀር ኤስአርቲ8፣ ማለትም ዶጅ የተባለው የአሜሪካ ብራንድ ጉልበተኛ የስፖርት መኪና ናት። ሞዴሉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ዳግም በወጣበት በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ለአሜሪካ ገበያ የተመደቡት 6,400 ብቻ ስለነበሩ፣ በእያንዳንዷ ዳሽቦርድ ላይ የራሷ ተራ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። ሻጩ ከላከልኝ ፎቶግራፎች ሁሉ አስቀድሜ አጉልቼ ያየሁት ይህንኑ ሰሌዳ ነበር፤ ወደ ሞተሩ ፎቶግራፍ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቻሌንጀር ለ1970 ሞዴል ዓመት ወጥቶ እስከ 1974 ተመርቷል። የኢንሹራንስ ክፍያ መናር፣ የጭስ ቁጥጥር ሕግና የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ተደራርበው ገበያውን ዘጉበት። ስሙ ከጊዜ በኋላ ጃፓን በተሠራች ትንሽ መኪና ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አፍቃሪዎቹ ግን ያችን እንደ ቻሌንጀር አይቆጥሯትም። በጥር 2006 ዲትሮይት ላይ ለዕይታ የቀረበው ናሙና የ1970ውን መልክ መልሶ ስላመጣ፣ ኩባንያው በ2008 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ በሚገኘው የብራምፕተን ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ሻሲዋን ከዶጅ ቻርጀርና ከክራይስለር 300 ጋር የምትጋራ ሲሆን፣ ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ደግሞ የመርሴዲስ ንድፍ ነው። የአሜሪካ ጉልበት ምልክት የምትባለው መኪና ካናዳ ተገጣጥማ በጀርመን ካምቢዮ መሄዷ እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የገዢን ቀልብ ከሚስቡት ቁጥሮች አንዱ 425 የፈረስ ጉልበት ነው። ሄሚ የሚባለው (የማቃጠያ ክፍሉ ግማሽ ሉል የሚመስለው የክራይስለር ሞተር) የ1970ው ባለ 7 ሊትር ሞተር በይፋ የተመዘገበው በ425 ሲሆን፣ የ2008ቱ ባለ 6.1 ሊትር ሞተርም በዚሁ ቁጥር ወጣ። ቁጥሩ ቢመሳሰልም መለኪያው ግን የተለያየ ነው። በድሮው አለካክ ሞተሩ የአየር ማጣሪያውን፣ ማርሚታውንና ሌሎች ጉልበት የሚሻሙትን ዕቃዎች ሳይሸከም በጠረጴዛ ላይ ይፈተን ነበር፤ ከ1972 ወዲህ ግን የሚለካው መኪና ውስጥ እንደሚሠራው ሁሉ ሙሉ ዕቃው ተገጥሞለት ነው። ስለዚህ ሁለቱን 425ቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «እኩል ናቸው» የሚል ሻጭ፣ እኔንም ያነጋገረኝ አንዱ እንዲሁ ብሎኛል፣ ወይ አያውቅም ወይ እንድናውቅ አይፈልግም።

ወደ ፔንሲልቫኒያው ልመለስ። መኪናዋ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ ቆማ የሄደችው 6,200 ማይል ብቻ ነበር። የሻሲ ቁጥሯን አመሳከርኩ፤ ካናዳ መሠራቷን የሚያመለክተው 2 መጀመሪያው ላይ፣ የሞዴል ዓመቷን የሚያመለክተው 8 ደግሞ አሥረኛው ቦታ ላይ ነበሩ። አዲስ ሳለች መስኮቷ ላይ የተለጠፈው የዋጋ ወረቀትም አብሮ ነበር፤ ነዳጅ በላተኛ በመሆኗ የተጣለባትን የ2,100 ዶላር ቀረጥ ጨምሮ 40,095 ዶላር ይላል። ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ሞቅ ብሎ ተሰማኝ። ሻጩ ጠዋት ከጋራዥ ሲያወጣት የሞቀች ነው ብዬ አልፌው፣ ገንዘቡን ከፈልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ቤቴ ደጃፍ ላይ ሳስነሣት ከቀኝ በኩል ቀጭን «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላም ጠፋ። አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሞተር ሲፈቱ ኖረው አሁን እዚሁ ቨርጂኒያ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። መኪናዋን ሌሊቱን እሳቸው ዘንድ አሳድረው፣ ጠዋት እንደቀዘቀዘች አስነሥተው አዳመጡ።

«ልጄ፣ ስትገዛት ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር?»

«አይ ጋሼ፣ ሞቅ ያለ ነበር።»

«እንግዲያው አሙቀው ነው የጠበቁህ።»

የጭስ ማኒፎልዱን (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበውን ቱቦ) ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር ከሚያስሩት ቡሎኖች የኋለኞቹ ሁለቱ ተቆርጠው ነበር። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ቡሎኑ ብረት በመሆኑ ሲሞቁም ሲቀዘቅዙም እኩል አይለጠጡም፤ በሄሚ ሞተሮች ዘንድ የታወቀ ሕመም ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ድምፁ ይጠፋል። ጋሼ በተቆረጠው ጉቶ ላይ ዘይት አፍስሰው አሳደሩት፤ በነጋታው አንዲት ዳዶ ጉቶው ላይ በየዱ፣ ብየዳው ገና ቀይ ሳለ ቁልፉን ይዘው ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያሉ እንደ ሕፃን ጥርስ ነቀሉት። ሁለተኛው ግን እንደገና ተቆረጠባቸውና በመሰርሰሪያ ለማውጣት ሙሉ ቀን ፈጀ።

ሌላውም ጉድ ተራ በተራ ወጣ። የጎማዎቹ ጎን ላይ 1908 የሚል ተጽፎ ነበር፤ በ2008 19ኛው ሳምንት ተሠሩ ማለት ነው። ጥርሳቸው ሙሉ፣ መልካቸው አዲስ፣ ላስቲካቸው ግን እንደ ደረቀ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ነበር። ከፊት እግር የሚገኙት ፈሳሽ ያዘሉ የጎማ ቡሾችም ፈሳሻቸውን አንጠባጥበው ጨርሰዋል። ካንዴላ (ነዳጁን የሚለኩሰውን ብልጭታ ሰጪ) ስገዛ ደግሞ ስምንት ይዤ ሄድኩ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ስለሚያስፈልግ የምትፈልገው አሥራ ስድስት ነው። ጋሼ ሳቁብኝ። እኔ የከፈልኩት ለጥቂት ማይል ነበር፤ መኪናዋ ግን ቆማም አርጅታለች። በየዓመቱ ዘይቷ ተቀይሮ 40,000 ማይል የሄደች፣ የጥገና ደረሰኝ ያላት እኅቷን በርካሽ ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላው ያልጠበቅሁት የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ውሌ አደጋ ቢደርስ የሚከፍለኝ እንደማንኛውም የአሥራ አንድ ዓመት መኪና በገበያው ግምት ነበር። በውሉ ላይ ቁርጥ ያለ ዋጋ አስቀድሞ ወደሚጻፍበት ዓይነት ለመዛወር ፎቶግራፎችን፣ የዋጋ ወረቀቱንና የጥገና ደረሰኞቼን ማቅረብ ግድ ሆነ፤ በልዋጩም በየቀኑ ወደ ሥራ እንዳልነዳት ተስማማሁ። ይህ መደረግ የነበረበት መኪናዋ ደጃፌ ከመድረሷ በፊት ነው።

አሁን አንድ ሰው እንዲህ ያለችውን መኪና ልግዛ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ለመንዳት ነው ወይስ ለማቆየት የሚል ነው። ለመንዳት ከሆነ በ2009 ባለ ስድስት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ መጥቷል፤ ለ2011 ደግሞ 470 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 6.4 ሊትር ሞተር ተገጥሞላታል። የሞዴሉም ምርት የቆመው በታኅሣሥ 2023 ስለሆነ አማራጭ ሞልቷል። ቁጥር የተጻፈባቸው የ2008ቶቹ ግን ሁሉም አውቶማቲክ ናቸው።

እኔ የኔን አልሸጥኳትም። ቅዳሜ ጠዋት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ በፖቶማክ ዳር ወደ ማውንት ቨርነን እነዳታለሁ። ከመነሣቴ በፊት ግን ኮፈኗ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥቼ፣ በቀኝ በኩል ጎንበስ ብዬ አዳምጣለሁ።