ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገጽ ስትሠሩ ፊደሉ እንዳይበላሽ

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ የመጀመሪያውን የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ገጽ ለመሥራት ኖትፓድ የተባለው የዊንዶውስ ጽሑፍ መጻፊያና አንድ ብሮውዘር (ድረ ገጽ ማሳያ) ይበቃል፤ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትጽፋላችሁ እንበል። ርዕሱ በኤች1 ታግ (እንደ <h1> ያለ በቅንፍ የሚጻፍ ምልክት)፣ እያንዳንዱ አንቀጽ በፒ ታግ ውስጥ ይገባል። መዝጊያው ታግ ከስሙ በፊት እዝባር አለው። የኤች1ን መዝጊያ ከረሳችሁ ከሥሩ ያለው አንቀጽ ሁሉ እንደ ርዕስ ይገዝፋል።

ጀማሪን አብዝቶ የሚያስቸግረው ግን ፊደሉ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በባይት የሚያስቀምጥበት ስልት ኢንኮዲንግ ይባላል፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኢንኮዲንግ እያንዳንዱ የግእዝ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። በገጹ መጀመሪያ ባለው የሄድ ክፍል ኢንኮዲንጉን የሚናገረው የሜታ ቻርሴት መስመር (<meta charset="utf-8">) ካልተጻፈ ብሮውዘሩ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ሊያነበው ይችላል፤ «ሐይቅ» 3 ሆሄ መሆኑ ቀርቶ እስከ 9 የሚደርስ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ይህን መስመር ከታይትል ታግ በፊት አስገቡት፤ ደንቡ በፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 1024 ባይት ውስጥ እንዲገኝ ያዛል።

በሆሄው ፋንታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ችግሩ ሌላ ነው፦ ፋይሉ የተቀመጠው የግእዝ ፊደል በማይዘው «አንሲ» በተባለ የቆየ ኢንኮዲንግ ነው። ይሄኛው ይከፋል፤ ፊደሉ ከፋይሉ ራሱ ስለጠፋ እንደገና ከመጻፍ በቀር መላ የለውም። ሴቭ አዝ ስትሉ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ የፋይሉን ዓይነት «ኦል ፋይልስ» አድርጉ። አለበለዚያ ከስሙ ኋላ ቲኤክስቲ ይለጠፍና ብሮውዘሩ ታጎቹን ሳይተረጉም እንዳሉ ያሳያችኋል።

የሐይቁን ፎቶ ስም በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም፤ ገጹን በኢንተርኔት የሚያቀርቡት ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ሰርቨሮች፣ ብዙዎቹ ግን ይለያሉ። ቤት የታየው ፎቶ ገጹ ሰርቨር ላይ ሲጫን የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።